አርቪ ተከራይቶ መንገድ ለሚወጣ፦ የመጀመሪያው ቀን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሰመር ሁለት ቤተሰብ ሆነን ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ወደ ሜይን ልንሄድ አርቪ ተከራየን። አርቪ የሚባለው ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ ሒሳባችን እንዲህ ነበር፦ አንድ የተሰበረ የኋላ መብራት፣ ግማሽ ባልዲ የፈሰሰ ሊጥ፣ ሁለት ጊዜ የጮኸ አላርም። በአውራ ጎዳናው ላይ ምንም አልሆንንም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ስንቆም፣ ስንነሳና ስንጠመዘዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሊከራይ ያሰበ ዘመድና ወዳጅ ይደውልልኛል። የሚያወሩኝ ነገር እኔም ከመውጣቴ በፊት የማምነውን ነው።

«አገር ቤት አይሱዙ የነዳ ሰው አርቪ አያቅተውም»

በመንጃ ፈቃዱ በኩል ልክ ናቸው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ለኪራይ አርቪ ተራው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። መከራው ጭራው ነው። ከኋላ ጎማው አልፎ ብዙ ጫማ የሚረዝም አካል አለ። መሪውን ወደ ግራ ሲጠመዝዙት ይህ ጭራ ወደ ቀኝ ይወጣል።

እኛ ገና 20 ደቂቃ እንኳ ሳንነዳ ነው ጉድ የሆንነው። ቤንዚን ቀድተን ከማደያው ስንወጣ ወንድሜ ቶሎ ጠመዘዘው። ፓምፑን ለመከላከል የተተከለው የብረት ምሰሶ የኋላ መብራቱን ቅርጥፍ አደረገው። ወንድሜ ሲያይ የነበረው ፊት ለፊት ነው። አብሮን የነበረው፣ አይሱዙ በመንዳት ያረጀው ጓደኛችን ወርዶ ስብርባሪውን አየና፣ «አይሱዙ እኮ ረዳት አለው» አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ረዳት ሾምን። ከመነሳታችን በፊት አንድ ሰው ይወርዳል። ሹፌሩ በስፖኪዮ የሚያየው ቦታ ላይ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ይላል። ረዳቱ ከስፖኪዮ ከጠፋ ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል። ሁለት ሰው ሆኖ ማዘዝ ክልክል ነው፤ አንዱ «ና» ሲል ሌላው «ቁም» ይላልና።

«ስልኩ መንገዱን ያውቃል»

የስልኩ ካርታ የሚመራን ትንሽ መኪና የያዝን መስሎት ነው። ቁመታችንን አያውቅም። ጋዝ መጫናችንንም አያውቅም። ከዲሲ አካባቢ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሐበሻ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ባልቲሞር ላይ ይጠብቀዋል። አይ-95 የሚባለው አውራ ጎዳና የሚያልፍበት የፎርት መክሄንሪ ዋሻ እና አይ-895 የሚያልፍበት የባልቲሞር ሃርበር ዋሻ ከ10 ፓውንድ በላይ የፕሮፔን ጋዝ የሚይዝ ታንከር ያለው መኪና አያሳልፉም። የአርቪው ምድጃ የሚነደው በዚሁ ጋዝ ነው፤ ታንከሩም ብዙውን ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ነው። ድሮ ማምለጫው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር። እሱን ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶ ጣለው። ስለዚህ አይ-695ን ይዞ ከተማዋን በምዕራብ በኩል መዞር ነው። እኛ ይህን ያወቅነው የማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ መንገድ ላይ ካየን በኋላ ነው። መኪናው ውስጥ የነበረውን ጩኸት አልነግራችሁም።

ሁለተኛው ነገር ጣሪያ ነው። ላይ ኤሲ ስላለው ብዙው የኪራይ አርቪ ከመሬት 11 ወይም 12 ጫማ ይደርሳል። ኒውዮርክ ዙሪያ «ፓርክዌይ» የሚባሉት መንገዶች ድልድዮቻቸው ዝቅ ያሉ ናቸው። ኮነቲከት ያለው ሜሪት ፓርክዌይ አርቪ አያስገባም። ቦስተን ውስጥ ስቶሮው ድራይቭ ላይ፣ ተማሪዎች ቤት በሚቀይሩበት በሴፕቴምበር 1 ሰሞን፣ ድልድይ ሥር የሚወተፍ የኪራይ መኪና አይጠፋም። የቦስተን ሰው የመንገዱን ስም ግሥ አድርጎ ይቀልድበታል። ዱራም፣ ሰሜን ካሮላይና ያለው የባቡር ድልድይማ ከፍታው 11 ጫማ ከ8 ኢንች ነበር። በ2019 ወደ 12 ጫማ ከ4 ኢንች ከፍ አደረጉት። አሁንም የመኪና ጣሪያ ይገፍፋል።

የመኪናውን ቁመት ኤሲው ጭምር ተለክቶ ወረቀት ላይ ይጻፍና መሪው አጠገብ ይለጠፍ። ቁመት ገብቶለት መንገድ የሚመርጥ፣ ለአርቪና ለከባድ መኪና የተሠራ ካርታም አለ።

«ቤት አይደል? እየሄድን ቡና እናፈላለን»

ይህን ያለችው እህቴ ናት፤ ረከቦቱን ሁሉ ይዛ ነበር። መኪናው ሲሄድ ሁሉም ሰው ቀበቶ ያለው ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት። ማስታወቂያው «ስድስት ሰው ያስተኛል» ሲል ስድስት ቀበቶ አለ ማለት አይደለም። ሳትከራዩ ቀበቶ ቁጠሩ።

ዕቃውም ቀበቶ ይፈልጋል። የቤት ውስጥ ባልዲ የትም አይሄድም፤ እዚህ ግን የመጀመሪያዋ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ሲያዝ ሊጣችን ጋቢና ድረስ መጣ። ወለሉ ምንጣፍ ነበረው። የእርሾ ሽታው እስከ ሜይን አብሮን ሄዷል።

ቡናውን ካምፕ፣ ማለትም አርቪዎች ቆመው የሚያድሩበት ሥፍራ፣ ደርሰን ነው ያፈላነው፣ ያውም ውስጥ። ሲቆላ የጭስ አላርሙ ጮኸ። ዕጣኑ ሲጨስ እንደገና ጮኸ። አንዱ ባትሪውን ሊነቅለው ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ አላርም አይነካም። ቡና ውጭ ይቆላል። ከሰል ደግሞ መስኮት ቢከፈትም አርቪ ውስጥ አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ይገድላል።

«መብራት ያለው ካምፕ ከያዝን ሁሉም እንደ ቤት ነው»

ብዙው አርቪ የሚሰካው 30 አምፔር መስመር ላይ ነው። በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ነው፤ ይህ ለመላው ቤት ነው። ኤሲው ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል። እዚህ አገር የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድም ወደ 1,500። ማይክሮዌቩ ከ1,000 ያልፋል። እኛ ከመፍሰስ የተረፈችውን ሊጥ ልንጋግር ምጣዱን ሰካን፤ ሦስተኛዋ እንጀራ ዓይን ማውጣት ስትጀምር አንዱ ማይክሮዌቩን ጫን አደረገው። ብሬከሩ ወደቀ፣ ጨለማ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሲጋገር ኤሲውን ማጥፋት። ሙቀቱን ቻሉት።

«ፍሪጁ ልክ እንደተሰካ ያቀዘቅዛል»

አያቀዘቅዝም። አዳዲሶቹ እንደ ቤቱ ፍሪጅ በኮምፕረሰር ቢሠሩም፣ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው የቆየው ዓይነት ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመም በደንብ አይሠራም። ዶሮ ወጡን ቤት ሠርታችሁ አቀዝቅዙና በበረዶ ሳጥን ውሰዱት።

«የሽንት ቤቱን ቫልቭ ከፍተን ብንተወው በራሱ ይፈሳል»

ምሳ ላይ ካላችሁ ይህን ዝለሉት። ቫልቩ የሽንት ቤቱ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ታንከር መዝጊያ ነው። ክፍት ሲሆን ውኃው ብቻ ይወርዳል፤ ሌላው ታንከሩ ውስጥ ቀርቶ ይደርቃል። ከዚያ የሚያነሳው የለም። ከመጠቀማችሁ በፊት ጥቂት ጋሎን ውኃ አስገቡበት። ቫልቩን ዝጉና ታንከሩ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ አንዴ ልቀቁት። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ፣ ቀጥሎ የመታጠቢያው ታንከር፤ የሳሙናው ውኃ ቱቦውን ያጥበዋል። ጓንት ከአንድ ጥንድ በላይ ያዙ።

«ቦታ ካጣን ዎልማርት ፓርኪንግ እናድራለን»

አንዳንዱ ጋ ይቻላል፣ አንዳንዱ ጋ አይቻልም። የሚወሰነው በሱቁ ሥራ አስኪያጅና በከተማው ሕግ ነው። ደውሎ መጠየቅ።

«ስልኩ የ6 ሰዓት መንገድ ነው ካለ የ6 ሰዓት መንገድ ነው»

ነዳጅ ለመቅዳት፣ ለመዞር፣ ቀስ ብሎ ለመሄድ የሚባክነውን ስልኩ አይቆጥርም። ይህ መኪና በአንድ ጋሎን 10 ማይል ከሄደ ተመስገን ነው፤ ማደያ ላይ ደጋግሞ ይቆማል። እኛ ከባልቲሞሩ ዙረት ጋር ስንደርስ ጨልሞ ነበር። የካምፑ ሰው ሁሉ ተኝቷል። እኔ ከኋላ ቆሜ የስልኬን መብራት እያወዛወዝኩ በሹክሹክታ «ና፣ ና፣ ና» እላለሁ። ከጎረቤት አርቪ ውስጥ መጋረጃ ተገለጠ፤ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በፒጃማ ወጡና ትልቅ ባትሪ ይዘው አጠገቤ ቆሙ። አማርኛ አይችሉም፤ «በቃ» የምትለውን ግን በሦስተኛው ሙከራ ለመዱ።