«ከኢንተርኔት ነው ያገኘሁት»፦ ለክፍል ስለምንመርጣቸው ዲጂታል መርጃዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ አገራችን የአስተዳደር ክፍሎች ሳስተምር ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ካርታ በፕሮጀክተር ሰሌዳው ላይ አሳየሁ። ቀለሙ ያማረ፣ ጽሑፉ የጠራ ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሲዳማ የት አለ?» ካርታው ክልሎቹ ዘጠኝ በነበሩበት ጊዜ የተሠራ ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተከተሉ። ዛሬ 12 ናቸው። እኔ ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ የምንባባለውን ልብ ብዬ መስማት ጀመርኩ። ስህተቱ የእኔ ብቻ አልነበረም።

«ድረ ገጹ የተከበረ ተቋም ነው፤ አድራሻው በዶት ኦርግ ያልቃል»

ዶት ኦርግ የበጎ አድራጎት ማኅተም የሚመስለን ብዙ ነን። አይደለም፤ ክፍያውን የከፈለ ማንም ሰው ያስመዘግበዋል። የሚያምር አርማና «ስለ እኛ» የሚል ገጽም እንዲሁ ለማንም አይከለከልም።

በዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ጥናቶች ሁሉ ደጋግሜ የምጠቅሰው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡትን ነው። አሥር የታሪክ ምሁራን፣ አሥር የመረጃ አጣሪዎችና 25 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ ተደረገ። ከቀረቡላቸው መካከል ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት ነበሩ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ያለና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2002 ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን። አብዛኞቹ ተማሪዎች ትንሹን ቡድን ይበልጥ አመኑ። ከምሁራኑም መካከል የተምታታባቸው ነበሩ። ገጹ ላይ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ ስላነበቡት ነው የተሳሳቱት! መረጃ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና ሲከፍቱት ትተውት ወጡ፤ ሌሎች ስለዚያ ተቋም ምን እንደሚሉ ፈልገው አነበቡና ከዚያ በኋላ ተመለሱ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ልጁን ለመዳር የሚያጣራ አባት የሙሽራውን ደጅ አይቶ አይወስንም፤ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ድረ ገጽ ሲሆንብን ነው ደጁን አይተን የምንፈርመው።

«በቴሌግራም ሺህ መምህራን ተቀባብለውታል፤ ስህተት ቢኖረው አንዱ ይናገር ነበር»

እያንዳንዱ የተቀባበለ ሰው «ያለፈው አይቶታል» ብሎ ነው ያስተላለፈው፤ ስለዚህ ማንም አላየውም። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረና ከ2015 ጀምሮ አዲሶቹ መጻሕፍት መግባት ከጀመሩ በኋላም የድሮው መጽሐፍ መለማመጃዎች እንደ ትኩስ ዳቦ ይዞራሉ። ማን እንዳዘጋጀው ያልተጻፈበትን የመልስ ቁልፍ ራሴ ሠርቼ ሳላመሳክር ክፍል አላስገባም።

«ሁለት ገጾች ዓመቱን ለየብቻ ከጻፉ አንዱ ውሸታም ነው»

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የዓድዋ ድል በአንዱ 1888፣ በሌላው 1896 ተብሎ ይገኛል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ቀይ እስክሪብቶ የሚገባው «በ1896 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈው ሦስተኛው ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በአማርኛ ገጾች ላይ ጥቂት አይደለም።

«ወደ አማርኛ ከተተረጎመ ለልጆቻችን ይሆናል»

በዚህ ላይ እልኸኛ ነኝ። ስለ ወቅቶች የተዘጋጀ የውጭ ትምህርት በማሽን ሲተረጎም «ዊንተር» ክረምት ይባልና «በክረምት ዛፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፣ ወንዞች በበረዶ ይጋገራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ሰዋስዉ እንከን የለውም። የእኛ ልጅ ግን ክረምትን የሚያውቀው በሐምሌ ዝናብ፣ ሞልቶ በሚያጓራ ወንዝና በለመለመ መስክ ነው። በእነርሱ ዊንተር ወራት እዚህ በጋ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይ በደመና ሳትሸፈን ብዙ ሰዓት የምትታየውም ያኔ ነው። ልጁ መጽሐፉን ይሸመድዳል፣ መስኮቱን ይጠራጠራል።

ቃሉ ቢስተካከል እንኳ ሌላ ጣጣ ይቀራል። ቅዝቃዜ የሚመጣው ምድር ከፀሐይ ስትርቅ ነው የሚሉ ቪዲዮዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ልክ አውሮፓ በረዶ ውስጥ ስትቀበር። ወቅቶችን የሚያመጣው የምድር ዘንግ 23.5 ዲግሪ ያህል መጋደሉ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም፤ ወቅቶቻችንን የሚለየው የዝናቡ መምጣትና መሄድ ነው። ይህን የሚናገር የተተረጎመ ቪዲዮ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ እኔው እናገረዋለሁ።

«ነፃ ነው፤ እንደፈለግን እናደርገዋለን»

በነፃ መታየትና በነፃ መባዛት ይለያያሉ። የእኛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የታተመን ሥራ ለማስተማሪያ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ መጠኑ ለዓላማው ከሚያስፈልገው እንዳያልፍ፣ በተቻለ መጠንም ምንጩና የአመንጪው ስም እንዲጠቀስ ይጠይቃል። ለ50 ተማሪዎች አንድ ገጽ ማባዛት አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ መጽሐፉን ጠርዞ መሸጥ ሌላ። ጭንቀት የማይፈልግ ሰው በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ባለቤቱ ሌሎች እንዲያባዙት አስቀድሞ በሚሰጠው ፈቃድ፣ የወጡ ሥራዎችን ይፈልግ። ለምሳሌ ፌት (PhET) የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት የሚያዘጋጃቸው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያዎች በፍላሽ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ መብራት ካልጠፋ።

«ጥሩ ቪዲዮ ካለ መምህሩ ያርፋል»

የፕላዝማ ዘመን ተማሪ የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስክሪን ላይ ይታይ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት። አልገባኝም ያለ ተማሪ ስክሪኑን ማስቆም አይችልም። መምህሩ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩት፤ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች የሚያሳልፈውም ያመለጠንን በማንሳት ነበር። ዝግጅቱ ድካም የፈሰሰበት ነበር፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጥነውን ግን አያየንም። የዛሬው ቪዲዮ መቆም መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ የሚወስነው ግን ክፍሉን የሚያውቀው ሰው ነው።

«ብዙ ሊንክ የሰጠ ጎበዝ ነው»

ለተማሪ 20 አድራሻ መስጠት ያልተለቀመ ምስር ሰፍሮ መስጠት ነው፤ ጠጠሩን በጥርሱ ያገኘዋል፣ የሞባይል ዳታውም በገንዘቡ ነው። አሁን ለአንድ ርዕስ ከሁለት መርጃ በላይ አልይዝም። በማስታወሻዬ ላይ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራና በክፍለ ጊዜው የትኛው ቦታ ላይ ለየትኛው ጥያቄ እንደማወጣው እጽፋለሁ። የመጨረሻውን መጻፍ ካቃተኝ፣ ምንም ቢያምር፣ አስቀረዋለሁ።

ያረጀውን ካርታ ግን አልሰረዝኩትም። ዘንድሮ ከአዲሱ ጎን አሳየሁትና «ይህ መቼ የተሠራ ይመስላችኋል? በምን አወቃችሁ?» አልኳቸው። ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ከ2012 በፊት ነው ያሉት አሸነፉ። ከመካከል አንድ ልጅ ተነሥቶ «የአዲሱስ ቀን የት ተጽፏል?» አለኝ። በማስታወሻዬ ላይ እንጂ ካርታው ላይ አልነበረም። ጠመኔ አንሥቼ ከሥሩ ጻፍኩት።