ዩምቡላጋንግ፤ ከሰማይ ወረዱ የተባሉት ነገሥታት ቤት

የቲቤት የመጀመሪያው ቤተ መንግሥት ነው ይባላል። አሁን የቆመው ግድግዳ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ዩምቡላጋንግ ያለው በደቡብ ቲቤት፣ በያርሉንግ ሸለቆ፣ ከፀታንግ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሹል ኮረብታ ጫፍ ላይ ጉብ ብሏል፤ ነጭ ግድግዳ፣ ከኋላው ሽቅብ የተመዘዘ ግንብ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አቀበቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ኮረብታው የተኛች አጋዘን ይመስላል ይላሉ፤ ስሙንም ከአጋዘኗ የኋላ እግር ጋር ያያይዙታል።

በአፈ ታሪክ ቤቱ የተሠራው ለመጀመሪያው ንጉሥ ለንያትሪ ፀንፖ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። እረኞች ተራራ ላይ አገኙትና «ከየት መጣህ?» አሉት። እሱ ወደ ሰማይ ጠቆመ። በቃ፣ ንጉሣችን ነው ብለው አንገታቸው ላይ ተሸክመውት ወረዱ። የስሙ ትርጉምም «የአንገት ዙፋን» ነው። እሱና ስድስት ተከታዮቹ መሞቻቸው ሲደርስ በገመድ ወደ ሰማይ ይመለሱ ነበር። ስምንተኛው ድሪጉም ፀንፖ ግን በጠብ መሃል ገመዱን በገዛ ሰይፉ ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ እንደማንኛውም ሰው መቃብር አስፈለጋቸው።

ሁለተኛው ታሪክ የ28ኛው ንጉሥ፣ የላቶቶሪ ንየንፀን ነው። የቡድሃ ቅዱሳት መጻሕፍት ከሰማይ ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ወረዱ። ማንበብ የሚችል አልነበረም። «ከአምስት ትውልድ በኋላ ይገባችኋል» ስለተባለ በክብር አስቀመጧቸው። አምስተኛው ትውልድ ሶንግፀን ጋምፖ ሆነ፤ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቲቤትን አንድ አድርጎ መናገሻውን ወደ ላሳ ያዛወረው። ቆጠራው እንዲህ ልክ መምጣቱ ታሪኩ በኋላ እንደተሰናዳ ያስጠረጥራል፤ ግን ያምራል።

ቤቱ ከዚያ የበጋ ማረፊያ ሆነ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የቲቤት ቡድሂስቶች መሪ የነበሩት አምስተኛው ዳላይ ላማ ገዳም አደረጉት። በቻይና የባህል አብዮት ጊዜ፣ አሮጌ እምነትና ቅርስ ይጠፋ በተባለበት የማኦ ዘመቻ፣ ፈረሰ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ መልሰው ሠሩት። ዛሬም መነኮሳት አሉበት፤ ሸንተረሩ ላይ የጸሎት ባንዲራዎች ይውለበለባሉ።

ከታች ዞርታንግ የሚባል ማሳ አለ፤ በቲቤት መጀመሪያ የታረሰው እሱ ነው ይላሉ። ገበሬዎች ከአፈሩ ዘገን አድርገው ወስደው፣ ምርቱ እንዲባረክ የራሳቸው ማሳ ላይ ይበትኑታል።