አሮጌ መኪና እና ትልቅ የሞተር ጥገና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሞተሩ መውረድ አለበት» የተባለ የአሮጌ መኪና ባለቤት ምክር አያጣም። አንዱ «ሽጣትና ተገላገል» ይለዋል። ሌላው «ሁለተኛ እጅ ሞተር አስገባና እርሳው» ይላል። ሦስተኛው «ወፍራም ዘይት አድርግባት፣ ትሄዳለች» ይላል። ሁሉም በቅንነት ነው የሚናገሩት። ግን አብዛኛው ምክር ሁለት ነገሮችን ይዘላል። አንደኛ፣ በትክክል ምን ተበላሸ? ሁለተኛ፣ ያንኑ ገንዘብ ሌላ መኪና ላይ ብናውለው ምን እናገኛለን? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ የሚወሰን ውሳኔ ቁማር ነው። በተለይ ጎጂ የመሰሉኝን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ካለፈ አያዋጣም»

ይህ እንደ ሕግ ሲነገር ትሰማላችሁ። ለማስታወስ ቀላል ነው፤ የሚያወዳድረው ግን የተሳሳተ ነገር ነው። ባለቤቱ ፊት ያለው ምርጫ ይህችን ጠግኖ መያዝ ወይም እንዳለች ሸጦ ሌላ መግዛት ነው። ስለዚህ ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ጥገናው ስንት ይፈጃል? መኪናዋ እንደተበላሸች ስንት ታወጣለች? ተመጣጣኝ የሆነች ጤነኛ መኪና በስንት ትገዛለች?

እስቲ እናስላው። ጤነኛ የሆነች ተመሳሳይ መኪና ዋጋ 100 ይሁን። ጥገናው 60 ይፈጃል። በግማሽ ሕግ ከሄድን ነገሩ አለቀ፣ አያዋጣም። አሁን መኪናዋ እንደተበላሸች 30 ብቻ ታወጣለች እንበል። ሸጦ ሌላ ለመግዛት ከኪስ 70 መጨመር አለበት። በዚያ ላይ የስም ማዛወሪያ ወጪ አለ። አዲስ የመጣችው መኪና የምትፈልገው ሰርቪስም አለ። በዚህ ስሌት 60 ከፍሎ የሚያውቋትን መኪና መያዝ ይረክሳል። ቁጥሩን ትንሽ እንቀይረው። መኪናዋ ተፈላጊ ሆና እንደተበላሸች 55 ብታወጣ፣ የሚጨመረው 45 ብቻ ነው። ያኔ መሸጡ ያዋጣል። የጥገናው ዋጋ ያው 60 ነው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ።

ሰው የሚረሳው ያንን የመሃል ቁጥር ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከማስወረዳችሁ በፊት መኪናዋ እንደቆመች ስንት እንደምታወጣ ሁለት ሦስት ገዢ ጠይቁ። ሞተሯ ተፈታትቶ በየሳጥኑ የተቀመጠ መኪና ለገዢ ሌላ ዕቃ ነው፤ ዋጋዋም ይወርዳል።

ከዚያ ጊዜውን አስቡ። 60 ከፍላችሁ ሦስት ዓመት ከነዳችኋት በዓመት 20 ነው። አካሏ በዝገት ተበልቶ በዓመቱ የምትቆም ከሆነ ግን ያው 60 በአንድ ዓመት ተበላ ማለት ነው።

«ጭስ ካወጣች ሞተሩ አልቋል»

ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጭስ ምልክት ነው፤ ምርመራ አይደለም።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ዘይቱ ግን በብዙ መንገድ ሊገባ ይችላል። የፒስተን ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት) አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከባዱ ነው። የቫልቭ ሲል (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይወርድ የሚያግደው ጎማ) ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ሳይነሳ መቀየር ይቻላል። የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ተደፍኖም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው። ተርቦ ካላት ደግሞ ተርቦውም ይጠረጠራል። ፍንጭ ልስጣችሁ። ቆማ አድራ ጠዋት ስትነሳ ለአፍታ አጭሳ የምትተው ከሆነ መጀመሪያ የቫልቭ ሲሉን ጠርጥሩ። ጭነት ስትይዝና ነዳጅ ሲሰጣት ያለማቋረጥ የምታጨስ ከሆነ ወደ ፋሻው ያመዝናል።

ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሞተር የሚያስወርድ ጉዳይ አይደለም። ነጩ ጭስ በቅዝቃዜ ወቅት ጠዋት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ተራ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሄደ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ከዘይት መሙያው ክዳን ስር ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር ሲታይ ሰው ቶሎ ይደነግጣል። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ መኪና ላይ እሱም ከእርጥበት ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? በመለካት ነው። የኮምፕሬሽን ምርመራ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ያሳያል። የፋብሪካው መመሪያ ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጣል። ከቁጥሩ በላይ ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይናገራል። አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ካነሰ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ይጨመርና እንደገና ይለካል። ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻው ነው የሚያስተላልፈው። ካልተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ጓርኒሲዮን ይሄዳል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር አስገብቶ በየት እንደሚወጣ ማዳመጥ ነው። በጭስ ማውጫው ከተሰማ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው። በአየር ማስገቢያው ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ ነው። በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው።

ይህ ሁሉ ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ነው። ውጤቱን በጽሑፍ ያዙ። ሳይለካ «ይውረድ» የሚል ሜካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ሜካኒክ ፈልጉ።

«ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይረህ ግጠመው»

ጓርኒሲዮን ያለ ምክንያት አይቃጠልም። ብዙ ጊዜ መኪናዋ ከመጠን በላይ ሞቃለች። የአሉሚኒየም ቴስታታ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ ቴስታታው ሲነሳ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይታያል። የሚፈቀደው መጣመም እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ መላግ አለበት። ስንጥቅ መኖር አለመኖሩም በግፊት ይፈተሻል። በብዙ ሞተሮች ላይ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ዓይነት የቴስታታ ቡሎኖች አሉ፤ እነሱን እንደገና መጠቀም አይገባም፣ አዲስ ይገዛል።

ከሁሉም በላይ ያሞቃት ነገር መገኘት አለበት። የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ የማይዞር ፋን ወይም ያለቀ የውሃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። እሱ ካልተገኘ አዲሱም ጓርኒሲዮን እንደ አሮጌው ይሄዳል። ጥገና አያዋጣም የሚለው ወሬ ብዙው የሚወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ ግማሽ ሥራ ነው።

«ሁለተኛ እጅ ሞተር ሁልጊዜ ከማሳደስ ይሻላል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ሞተሩ በቀላሉ የሚገኝ ዓይነት ከሆነና የድሮው ብሎክ ከተሰነጠቀ ያለ ጥርጥር ይቀላል፤ ይፈጥናልም። ግን የምትገዙት የሌላ ሰውን ታሪክ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚነገራችሁን ቁጥር ማረጋገጥ ከባድ ነው። ዘይቱ በጊዜው ይቀየርለት እንደነበርም አይታወቅም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ኮምፕሬሽኑ ይለካ። የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ውስጡ ይታይ፤ ጥቁር ዝቃጭ ከሞላው ተዉት። ሞተሩ ውጭ እያለ ታይሚንግ ቤልቱን፣ የውሃ ፓምፑንና የኋላውን የዘይት ሲል ቀይሩ። ከገባ በኋላ እነሱን ለመቀየር የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። የሞተር ቁጥር በመኪናዋ ሰነድ ላይ የሚሰፍርበት አገር ከሆናችሁ የሞተሩን ሕጋዊ ወረቀት ከሻጩ ሳትቀበሉ አትውጡ። አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የኮምፒውተሩና የቁልፉ ሲስተም ከሞተሩ ጋር መስማማቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«ሞተሯ ከታደሰ መኪናዋ እንደ አዲስ ናት»

በደንብ የታደሰ ሞተር ብዙ ዓመት ይሠራል። ካምቢዮው፣ መሪው፣ የእግር ዕቃዎቹ፣ ሽቦዎቹና ሻንሲው ግን በነበሩበት ናቸው። በተለይ ዝገትን አትናቁት። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። የእግር ዕቃ የሚታሰርበት ብረት ከተበላ ግን ለተሳፋሪው ሕይወት አደጋ ነው፤ በቀለም አይሸፈንም። እኔ ለሰው ደጋግሜ የምለው ይህንን ነው፦ ለሞተሩ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናዋ ተነስታ ከሥር ትታይ። ከሥር ያለው ነገር ካላማረ ስለ ሞተሩ መነጋገሩን እዚያው አቁሙ።

እድሳቱም ቢሆን ዓይነት አለው። ሲሊንደሩ ሳይለካ አዲስ ፋሻ ብቻ አስገብቶ መግጠም እድሳት አይደለም። ሲሊንደሩ በጊዜ ብዛት ክብነቱን ያጣል፤ አዲሱ ፋሻ እዚያ ላይ በደንብ አይቀመጥም። በትክክል ሲሠራ ሲሊንደሩ ተለክቶ አስፈላጊ ከሆነ ይሰፋል፤ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተንም ይገባል። የክራንክ ሻፍቱም ይለካል፣ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖችም በልኩ ይመረጣሉ። የልኬት ወረቀቱን ጠይቁ። ከለካ ቁጥሩ ይኖረዋል።

«ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ለሄደች መኪና ማን ያወጣል?»

ኪሎ ሜትር ብቻውን አይፈርድም። አሜሪካዊው ኧርቭ ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ የገዛትን ቮልቮ ፒ1800 እየነዳ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል አሳልፏል፤ ወደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በመሃል ሞተሯ ታድሷል። ሰውየው የታወቀበት አንዱ ነገር ግን የአምራቹን የሰርቪስ መርሐ ግብር በጥንቃቄ መከተሉ ነው። ዘይቷ በጊዜው እየተቀየረ ብዙ የሄደች መኪና፣ ጥቂት ሄዳ ዘይቷ ከተረሳ መኪና ለጥገና የተሻለች ናት።

«ወፍራም ዘይትና ማሸጊያ ፈሳሽ ያድናታል»

አያድናትም። ወፍራም ዘይት ጭሱንና ድምፁን ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ ያለቀውን ብረት ግን አይመልሰውም። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ማሸጊያም ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ የራዲያተሩንና የሂተሩን ቀጫጭን መንገዶችም ሊዘጋ ይችላል።

«እስክትቆም ልንዳት፣ ያኔ እወስናለሁ»

ሲሆን አይቼ በጣም የማዝንበት ይህ ነው። የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደርሶ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ የሚነዳ ሰው የጓርኒሲዮን ሥራን ወደ ቴስታታ ሥራ፣ የቴስታታውን ደግሞ ወደ ሙሉ ሞተር ሊያሳድገው ይችላል። ከሞተሩ ሥር ከባድ የማንኳኳት ድምፅ ሲሰማም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ ገና ብሮንዚኑ ላይ እያለ ከተደረሰበት ክራንክ ሻፍቱ ሊተርፍ ይችላል። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ተሰብሮ ብሎኩን ከበሳ ግን የሚታደስ ነገር የለም። የዘይት መብራት በርቶ ካልጠፋ ወዲያውኑ አጥፍታችሁ አስጎትቱ። የመጎተቻው ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

«እስካሁን ያወጣሁባት ገንዘብ ከንቱ ይቀራል»

አምና የተገዛው ጎማና የተቀየረው ፍሪሲዮን መኪናዋን የተሻለች ስላደረጓት በስሌቱ ውስጥ ይግቡ። የወጣባቸው ገንዘብ ግን ጠገናችሁም ሸጣችሁም አይመለስም። ለነገው ውሳኔ የሚቆጠረው ከዛሬ በኋላ የሚወጣው ብቻ ነው። ይህን መቀበል ይከብዳል፣ በተለይ መኪናዋ ቤተሰብ ያሳደገች ከሆነች። ለእሷ ያላችሁ ፍቅር ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እሱን «ያዋጣኛል» ብላችሁ ለራሳችሁ አትጥሩት እንጂ።

ተሰልቶ መሸጥ ከተሻለ ደግሞ የምርመራውን ወረቀት ለገዢው አሳዩት። ምን እንደተበላሸ የማያውቅ ገዢ የመጨረሻውን ክፉ ነገር ገምቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው። «ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ያስተላልፋል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው» የሚል ወረቀት ያየ ግን የሚቀንሰው የቫልቩን ሥራ ያህል ነው።