የሸራ ጀልባ ኑሮ ከጅማ ሲታይ

ቤታቸውን በነፋስ እየነዱ ከደሴት ደሴት የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ካሪቢያንና ደቡብ ፓስፊክ ላይ ያለችው የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ዋና መዳረሻዎቻቸው ናቸው። ፎቶው ላይ የሚታየው ሰማያዊ ባሕርና ነጭ አሸዋ ነው። ውሎው ግን ውሃ ቁጠባ፣ ባትሪ ጥበቃና የማያልቅ ጥገና ነው። ባሕር ለማያውቅ የጅማ ሰው እንኳን ብዙው እንግዳ አይሆንበትም።

ፍጥነቱ ይገርማል። ጀልባዋ በሰዓት 5 የባሕር ማይል፣ ማለትም 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ከጅማ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በዚህ አካሄድ 38 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ነፋስ ካልጠፋ። ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ዳር ካሉት የካናሪ ደሴቶች ካሪቢያን ለመድረስ ደግሞ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ ሦስት ሳምንት አካባቢ ይወስዳል። መሃል ውቅያኖስ ላይ ጥግ ይዞ ማደር የለም። ሌሊቱን በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ በተራ ይጠብቃሉ።

ውሃ ላይ እንምጣ። እኛ ዝናብ ሲመጣ አሸንዳ ሥር በርሜል እንደቅናለን። ቧንቧው ለቀናት ጭጭ ሲል ያ በርሜል ስንቱን ጉድ እንዳወጣኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ጀልባ ላይም ያው ነው። ለጥላ የተወጠረውን ሸራ ዘቅዘቅ አድርገው ውሃውን በቱቦ ወደ ታንከር ይመልሱታል። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን ጨውና አቧራውን አጥቦ እንዲሄድ ይለቁታል፤ እኛም የጣሪያችንን እንደዚያው። ዕቃ በባሕር ውሃ ይታጠብና በጥቂት ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። የባሕር ውሃ የሚያጣራ ማሽን ያላቸውም አሉ፤ እሱ ደግሞ ከሶላር የተጠራቀመውን የባትሪ ኃይል ይበላል።

ወጥ ቤቱን ብታዩት ትስቃላችሁ። ምድጃው በሁለት ጎኑ ተንጠልጥሏል። ጀልባዋ ስታዘም እሱ ይወዛወዝና ድስቱ ቀጥ ብሎ ይቆያል። የሚወዛወዝ ማቶት በሉት። ጀበና ይችለው ይሆናል፤ ሲኒ የተደረደረበት ረከቦት ግን አንድ ማዕበል አይበቃውም።

ያልታጠበ እንቁላል ያለ ፍሪጅ ሳምንታት ይቆያል፤ በየጥቂት ቀኑ ይገለበጣል። ካርቶን ወደ ጀልባ አይገባም፣ የበረሮ እንቁላል ይዞ ይመጣል። ዓሣ እንደ ልብ ነው፤ ግን የኮራል (ባሕር ሥር የሚያድግ ዐለት መሰል ነገር) አካባቢ ዓሣ ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ ሳይጠይቁ መብላት ሞኝነት ነው። እኔ ብሆን ድርቆሽና በሶ በጆንያ ጭኜ ነበር የምወጣው።

ከሁሉም እንቅልፍ የሚነሳው መልህቅ ነው። ጥልቀቱ 5 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 25 ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል፤ ነፋስ ከበረታ 35። ሰንሰለቱ መሬት ላይ ሲጋደም መልህቁን ወደ ጎን ይስበዋል፣ እሱም እየጠለቀ ይነክሳል። ካጠረ ግን ወደ ላይ ይነቅለዋል። ስለዚህ ጀልባዋ ከቦታዋ ከተንሸራተተች የሚጮህ አላርም ስልካቸው ላይ ሞልተው ይተኛሉ።

ወደ ደሴት መግቢያው ሰዓት ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባ ስትሆን ነው። ያኔ ውሃው በቀለሙ ይነበባል፦ ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው፣ ፈዛዛው አሸዋ፣ ቡናማው ጀልባ የሚቀድ ኮራል።

ወቅትም አለው። ካሪቢያን ውስጥ የሀሪኬን ወራት በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ናቸው። ደቡብ ፓስፊክ ግን ይገለበጣል፤ አውሎ ነፋሱ የሚመጣው እኛ ቡና ለቅመን ስናሰጣ ነው።

አዲስ አገር ሲደርሱ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ካፒቴኑ ፓስፖርቶቹን ይዞ በትንሿ የጎማ ጀልባ ወደ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ይቀዝፋል። ሌላው ሰው ወደብ ላይ የሚጋገረው ዳቦ እየሸተተው ይጠብቃል። ማኅተሙ ሲመታ ባንዲራው ይወርዳል።