ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚነገረው በትዝብት ነው። ለሰው ቪላ ሲገነባ የሚውል ግንበኛ ራሱ ኪራይ ቤት ሲኖር፣ ልብስ ሰፊው የተቀደደ ሱሪ ለብሶ ሲታይ፣ «ምን ይደረግ፣ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይባላል። ያማረውን ለሌላው ሠርቶ ለራሱ ትራፊው የቀረው ሰው ማለት ነው። ትርጉሙ ልክ ነው። ለእኔ ግን አይበቃኝም።

ገል የሸክላ ስባሪ ነው። ድሮ ከጎረቤት እሳት ይጫርበት ነበር፤ ዛሬም ዕጣን የሚያጨሱበት አሉ። ወደ ማዕድ የሚቀርብ ዕቃ ግን አይደለም። አባባሉም የሚያስተክዘው ለዚህ ነው።

ይህ አነጋገር የወጣበትን ኑሮ ለማየት ቀጨኔ መውጣት ነው። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። እዚያ ሸክላ የሴቶች ሙያ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም። ጭቃው ይቦካል፣ በእጅ እየተድቦለቦለ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል። ከዚያ ደጅ ላይ በባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በጭራሮና በኩበት ይተኮሳል። ጥቁር የሚፈለገው ጀበና ገና እንደጋለ ገለባ ወይም ቅጠል ውስጥ ይገባና ጭሱን ይጠጣል። ውስጡ እርጥበት የቀረ ዕቃ ግን እሳቱን አይችልም፣ ይፈነዳል። ክረምት ለሸክላ ሠሪ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እሳቱ ከበረደ በኋላ ያለውን ሥራ እዩልኝ። አንዲት እናት ድስቱን በአንድ እጇ አንጠልጥላ በሌላው ጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች። ደህናው ይጮኻል። ስንጥቅ ያለበት ድምፁ የታፈነ ነው። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ገዢው አያውቅም፤ ድስቱ ከሌሎቹ ጋር በዚያው ዋጋ ይሸጥ ነበር። እሷ ግን ወደ ጎን ታደርገዋለች። «እማማ፣ ይሄ ምን ሆነ?» ስትሏት፣ «ይሄማ ለሰው አይሰጥም» ትላለች።

እንግዲህ ገሉ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። በገል የምትበላው ደህናውን ስለሸጠች ብቻ አይደለም፤ ጎደሎውን አልሸጥም ስላለችም ነው። እኔ አባባሉን የማነበው እንዲህ ነው። ለዚያች ድስት የሚከፈላት ብር አንድ ነው፣ ብትጠነቀቅም ባትጠነቀቅም። ጥንቃቄዋን የሚከፍላት ያ ጣቷ ላይ የሚሰማት ድምፅ ነው። ጥሩ አድርጎ የሠራ ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል፤ ሠዓሊውም፣ ሸማኔውም፣ ማታ ማታ ግጥም የሚጽፈው የባንክ ሠራተኛም።

ሀገራችን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚልም አባባል አላት። እሱንም አልክድም፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው በብር ነው። የሸክላ ሠሪን ደስታ ያነሳሁት ድህነቷን ለማሳመር አይደለም። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ በዚህ ሀገር ከዋጋው ማነስ በላይ ስድቡን ሲሸከሙ ኖረዋል። «ቡዳ» ተብለዋል፣ ጋብቻ ተከልክለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እንዲህ እየተናቁም ሙያው አልጠፋም። ብሩ ትንሽ፣ ክብሩም ትንሽ ሆኖ ይህን ያህል ዘመን የዘለቀ ሥራ፣ ሠሪው ራሱ ካልወደደው በምን ይቆማል? መተዳደሪያ ማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድስቱን መታ አድርጎ ማዳመጥ ለምን ያስፈልግ ነበር?

ስለዚህ አባባሉን ስትጠቀሙ ለማን እንደምትሉት ልብ በሉ። ለሰው እየሮጠ የራሱን ጉዳይ ለረሳ ወዳጅ ምክር ይሆናል። ዋጋ ለመቀነስ ሰበብ ስታደርጉት ግን ግፍ ነው፤ «እናንተ እኮ ለፍቅር ነው የምትሠሩት» ማለት ይሆናል። ቀጨኔ ወይም ሽሮ ሜዳ ጀበና ልትገዙ ከወጣችሁ፣ አንስታችሁ በጣት መታ አድርጉት። ከጮኸ የተጠየቃችሁትን ክፈሉ፤ ቤት ወስዳችሁም በደንብ አሟሹት።