የጥገና መግቢያ ፈቃድ ምንድን ነው?

“ጎረቤትህን ለጥገና ካስገባኸው፣ ነገ በይርጋ መሬቱ የእኔ ነው ይልሃል።” ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህን እንደ ሕግ ሲናገር ሰማሁ፤ አድማጮቹም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይርጋ ያለው በሰው ንብረት ለረጅም ዘመን በመገልገል የሚገኘውን መብት ነው። በዚህ ምክር ምክንያት ስንት ጎረቤት ተቀያይሟል፣ ስንት ግድግዳስ ዝናብ እየጠጣ ቀርቷል! ምክሩ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው።

የመግቢያ ፈቃድ ማለት ጎረቤት ከራሱ ግቢ ሊደርስበት የማይችለውን ግድግዳ ወይም ጣሪያ ለመጠገን፣ ለተወሰነ ሥራና ለተወሰኑ ቀናት በእርስዎ ግቢ እንዲገባ መስማማት ነው። ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ የሚኖረውና ባለቤት ቢለዋወጥም የማይነቀለው የንብረት አገልግሎት፣ ማለትም በሰው መሬት ላይ እንደ ማለፍ ያለ ቋሚ መብት፣ ሌላ ነው። ተናጋሪው ያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው።

መሰላል ማዋስን ያስቡ። ጎረቤትዎ “መሰላልዎን ያውሱኝ” ባለ ቁጥር የመሰላሉ ባለቤት ማን እንደሆነ በገዛ አንደበቱ ይመሰክራል። ሃያ ዓመት ቢዋስ ሃያ ዓመት መሰከረ እንጂ መሰላሉ የእሱ አልሆነም። ቤቱን ሲሸጥ መሰላሉን አብሮ አይሸጥም፤ አዲሱ ገዢ ከፈለገ ራሱ መጥቶ ይጠይቃል። ቢሰበር የሚያስጠግነው የተዋሰው ሰው ነው። ደግሞም ሰው ላዩ ላይ ቆሞ እያለ መሰላል አይነጠቅም። ፈቃድም ሊነሣ ይችላል፤ ግን ልስኑ ገና ሳይደርቅ በሩን ዘግቶ ሠራተኛ ማባረር አይገባም፤ ቢያንስ ዕቃውን ሰብስቦ የሚወጣበት በቂ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

የሮማ ሕግ አዋቂዎች ይህን በሦስት ነገር አስረውታል። በሰው መሬት ለረጅም ዘመን መገልገል መብት የሚያስገኘው ያለ ኃይል፣ ያለ ስውርነትና ያለ ፈቃድ የተደረገ እንደሆነ ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ዛሬም የሚመዝኑት በዚሁ ነው። ሦስተኛውን ልብ ይበሉ፤ ፈቃድ ካለ መብቱ አይወለድም። ስለዚህ “ፈቅጄለት ነበር” የሚለኝ ደንበኛ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ “ለዓመታት ሲገባና ሲወጣ እያየሁ ዝም አልኩት” የሚለው ነው። (የሚጠየቀው ዘመን ከአገር አገር ይለያያል፤ በአንዳንድ አገር መሬት በዚህ መንገድ ጭራሽ አይገኝም።)

እምቢ ማለትም ሁልጊዜ አያዋጣም። በጀርመን የብዙ ክፍለ ግዛቶች የጉርብትና ሕግ “የመዶሻና የመሰላል መብት” የሚባል፣ ለጥገና በጎረቤት ግቢ የመግባት መብት ያውቃል። በእንግሊዝና ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ አለ። ሕንፃውን ጠብቆ ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ ሳይገቡ የማይሠራ ወይም እጅግ የሚከብድ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት መግቢያውን ሊያዝ ይችላል። ባለግቢው ላይ ከመጠን ያለፈ ችግር የሚያስከትል ከሆነ ግን አያዝም። ሕጉ የወጣው ለጥገና ነው፤ አዲስ ፎቅ መጨመር ለሚፈልግ ጎረቤት መሣሪያ እንዲሆን አይደለም።

ማንም ባይጠይቀኝም ከሙያዬ ሁለት ነገር ልጨምር። በአንድ ጉዳይ የስካፎልዲንግ (ሠራተኞች የሚቆሙበት መወጣጫ) እግር የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ ቆሞ ነበር። ክዳኑ ተሰንጥቆ ሲገኝ አንዱ “ድሮም የተሰነጠቀ ነው” አለ፣ ሌላው “ትናንት ደህና ነበር” አለ። ከሥራው በፊት የተነሣ፣ ቀኑ የሚታይ አንድ ፎቶግራፍ ቢኖር ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። ሁለተኛው፣ ግቢው የተከራየ ከሆነ የአከራዩ መስማማት ብቻውን አይበቃም፤ በግቢው የሚኖረው ተከራይም ይጠየቅ።

የፈቃዱ ጽሑፍ አራት መስመር ይበቃዋል፦ “የሰሜኑን ግድግዳ ለመለሰን፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በእኔ ፈቃድ ይገባሉ። የሚጎዳውን ነገር ሁሉ በራሳቸው ወጪ እንደነበረ ይመልሳሉ።” ሁለቱም ይፈርሙበትና አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ። ሰዓቱን ቢረሱት ግድ የለም፤ “በእኔ ፈቃድ” የሚሉትን ሁለት ቃላት ግን አይርሱ።