ዴስክቶፑ የተሰካለትን ዕቃ አላነብ ሲል

ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን ዕቃ በዕቃ ገዝቶ ራሱ የሚገጣጥም ሰው፣ ፈጠነም ዘገየም ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ዕቃው ተሰክቷል፣ ገመዱም ተያይዟል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያነበውም። ዲስኩ የለም፣ ከሁለት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) አንዱ ብቻ ይታያል፣ ወይም ስክሪኑ ጭልም ብሎ ይቀራል። ብዙ ሰው ወዲያው «ተቃጥሏል» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ደህና ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ባዮሱ ያየዋል ወይ? ባዮስ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን አንጎል)፣ ራሙንና ግራፊክስ ካርዱን (ምስል የሚያወጣውን) የሚፈትሽ፣ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ እንደበራ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ደጋግሞ መጫን በአብዛኛው ወደ እሱ ያስገባል። ዕቃው እዚያ ካልታየ ችግሩ በአብዛኛው አሰካኩ፣ ገመዱ፣ የኃይል አቅርቦቱ ወይም የባዮሱ ቅንብር ላይ ነው። ዊንዶውስን እንደገና መጫን ከንቱ ልፋት ነው። እዚያ ከታየ ደግሞ ካቻቪቴውን አስቀምጡት፤ ጉዳዩ በአብዛኛው የሶፍትዌር ነው።

ጭራሽ ምስል ከሌለ ማዘርቦርዱን እዩት። ብዙዎቹ አዳዲስ ቦርዶች ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለቡት (ዊንዶውስን ለማስነሳት) አንዳንድ ትንንሽ መብራት አላቸው። በርቶ የቀረው መብራት ኮምፒውተሩ የት ላይ እንደቆመ ይናገራል።

ራም በጣም ያታልላል። አንዱ ጫፍ «ቋ» ብሎ ሲቆለፍ የገባ ይመስላል፤ ሌላው ጫፍ ግን ትንሽ ቀና ብሎ ሊቀር ይችላል። ከጎን ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ወርቃማው ጠርዝ በአንድ በኩል ብቻ ብቅ ካለ አልገባም። ኃይሉን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በሁለት አውራ ጣት እኩል ተጫኑ። አራት ስሎት (መሰኪያ ቦታ) ባለው ቦርድ ሁለት ራም ሲገባ፣ ቦታቸው በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ራሞቹን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። የትኛውም ራም ቢገባበት አንድ ስሎት አልሠራ ካለ ጥፋቱ የራሙ አይደለም። የራም መቆጣጠሪያው ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ላይ አንድ የታጠፈ ፒን (ቀጭን የብረት እግር) ብቻ ይህን ሊያመጣ ይችላል። ዲዲአር5 የሚባለው የራም ዓይነት ያለው ኮምፒውተር ደግሞ መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እስኪለማመድ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ቸኩላችሁ አታጥፉት።

ዲስክ ላይ ሳታ የሚባለው ዓይነት ሁለት ገመድ ይፈልጋል፤ አንዱ ለዳታ፣ አንዱ ለኃይል። ኤም.2 (ያለ ገመድ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ቀጭን ዲስክ) ግን ሌላ ጣጣ አለው። በአንዳንድ ቦርዶች ኤም.2 ስሎቱና የተወሰኑ የሳታ ወደቦች አንድ መስመር ይጋራሉ። አዲሱ ኤም.2 ሲገባ ለዓመታት የሠራው ሳታ ዲስክ ድንገት ይጠፋል። ሰው ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል፤ ገመዱን ወደ ሌላ ወደብ ማዞር ብቻ ይበቃል። የትኞቹ እንደሚጋሩ የቦርዱ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ያንን ወረቀት ከካርቶኑ ጋር አትጣሉት።

ባዮስ ያየው አዲስ ዲስክ ዊንዶውስ ውስጥ ካልታየ፣ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ማስጀመርና መከፋፈል ነው። ዲስክ የሚከፋፈልባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፣ ጂፒቲና ኤምቢአር፤ ከ2 ቴራባይት በላይ ከሆነ ጂፒቲ ይመረጣል፤ ኤምቢአር ከዚያ በላይ ያለውን አይጠቀምበትም። ፋይል ያለበት ዲስክ ከሆነ ግን «ላስጀምረው?» ሲል እሺ እንዳትሉት!

ግራፊክስ ካርድ የሚያነሳው ጥያቄ አጭር ነው። ስሎቱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚሰጠው ሳጥን) የራሱ ገመድ ካልመጣለት አይሠራም። የስክሪኑም ገመድ ከካርዱ ጋር እንጂ ከማዘርቦርዱ ጋር አይያያዝ።

ሁሉም ልክ ሆኖ አዲስ ፕሮሰሰር ካልታወቀ፣ ባዮሱ ከፕሮሰሰሩ በፊት የወጣ ሊሆን ስለሚችል ይታደስ። የተበላሸ ቅንብር ከተጠረጠረ ደግሞ ኃይሉን ነቅሎ ሲአር2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ቅንብሩን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል።

ዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማናጀር (የተሰኩትን ዕቃዎች የሚዘረዝረው መስኮት) ቢጫ ምልክት ሲያሳይ ቁጥሩን አንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 43 ዕቃው ራሱ ችግር እንዳለበት ስላሳወቀ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው። ድራይቨሩ ተቀይሮም ይህ ካልጠፋ፣ ዕቃውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መሞከር ያን ጊዜ ነው።